በላይ ዘለቀ፦ ከርስትና ከግብር ብሶት እስከ ነጻነት ተጋድሎ

ጥር በምሥራቅ ጎጃም የአውድማ ወር ነው። ከቢቸና እስከ መርጡለ ማርያም፣ ከሞጣ እስከ ዓባይ ሸለቆ አፋፍ ጤፉ ይወቃል፤ እህሉ ከገለባው ተለይቶ ወደ ጎተራ ይገባል። ገበሬው የዓመት ልፋቱን በዓይኑ አይቶ ይህን ለዘር፣ ይህን ለቀለብ፣ ይህን ለዕዳ፣ ይህን ለግብር ብሎ የሚደለድለውም በዚሁ ወቅት ነው። በ1937 ዓ.ም ጥር 4 ቀን፣ የዚሁ ምድር ልጅ የሆነው በላይ ዘለቀ በአዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ በስቅላት ተቀጣ። ኢትዮጵያ ከፋሺስት ጣሊያን አገዛዝ ነጻ ከወጣች ገና አራት ዓመት አልሞላም ነበር።

ለነጻነት ዓመታትን በዱር በገደል የተዋጋ ሰው፣ ነጻ በወጣችው ሀገሩ አደባባይ ለምን ተሰቀለ? ይህ ጥያቄ በጎጃም ገበሬ ልብ ውስጥ እስከ ዛሬ አልበረደም። መልሱን ለማግኘት ግን ከጦር ሜዳው በፊት ከእርሻው መጀመር ያስፈልጋል። በላይ ባደገበት ምድር መሬት፣ ግብር እና ጠመንጃ የተለያዩ ነገሮች አልነበሩምና። ሦስቱ በአንድ ገመድ የተገመዱ ነበሩ፤ አንዱን የነካ ሁሉንም ይነካል።

በጎጃም የመሬት ሥሪት ርስት ነበር። መሬቱን በመጀመሪያ ከያዘው አቅኚ አባት ወይም እናት መወለዱን ቆጥሮ ያስረዳ ሰው ከዚያ መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። መሬቱ የትውልድ እንጂ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ እንደ ሸቀጥ ወደ ገበያ የሚወጣ ነገርም አልነበረም። በዚህ መሬት ላይ ግብር ነበረበት፤ ከአዝመራው አሥራት ይወጣል፣ ለጉልተኛው ድርሻ ይሰፈራል፣ ለሹሙ ሥራ ይሠራል። ሸክሙ ከባድ ቢሆንም ግብር ሌላ ፊትም ነበረው፤ ማስረጃ ነበር። በርስቱ የገበረ ሰው ባለ ርስት መሆኑን በሀገር ሽማግሌ ፊት ያስመሰክርበታል። ስለዚህ ገበሬው መገበርን በራሱ አይጠላም። የሚጠላው ከልማድ የወጣ፣ ማን እንደጣለው የማይታወቅ፣ ነገ ርስቱን ይነጥቀኛል ብሎ የሚፈራው አዲስ ግብር ነው። ጠመንጃው ደግሞ የርስቱ አጥር ነበር፤ ወንድ ልጅ በሬ ሲጠምድ ጠመንጃውን ከእርሻው ዳር ቢያስደግፍ ነውር አልነበረም።

ከጣሊያን በፊትም ጎጃም በግብር ብዛት ተማርሮ ያውቃል። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ጠቅላይ ግዛቱን እስከ 1924 ዓ.ም ሲያስተዳድሩ፣ በንግድ ዝንባሌያቸውና በሚጥሉት የግብር ዓይነት ብዛት ስማቸው የገነነ ነበር። ልጅ ኢያሱን ከእስር ለማስመለጥ ተባብረዋል ተብለው ከሥልጣን ሲወርዱ፣ በቦታቸው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሾሙ። በጎጃም ብዙ ሰው በአንድ በኩል የገዛ ቤቱ መስፍን በመታሠሩ አዘነ፤ በሌላ በኩል ሸክሙ ይቀልልኛል ብሎ ተስፋ አደረገ። በላይ ዘለቀ ለጉልምስና የበቃው በዚህ ድብልቅ ስሜት ውስጥ ነበር።

በላይ የተወለደው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ ከዓባይ ማዶ በወሎ ሳይንት፣ ጫቀታ በተባለው ስፍራ ነው። አባቱ ዘለቀ ላቀው የቢቸና ሰው ሲሆኑ እናቱ ጣይቱ አሰኔ የጫቀታ ተወላጅ ነበሩ። ዓባይ ካርታ ላይ ጎጃምን ከወሎ የሚለይ ድንበር ይመስላል፤ ለበላይ ቤተሰብ ግን ዘመድ ከዘመድ የሚያገናኝ መንገድ ነበር። ሸለቆውን ወርዶ ወጥቶ ከአባቱ ወገን ወደ እናቱ ወገን መሻገር ከልጅነቱ የለመደው ነገር ነው። ኋላ የጣሊያን ጦር በዚያው በረሃ ሲያሳድደው መሬቱ ማንን እንደሚያውቅ ታየ።

አባቱ ዘለቀ የልጅ ኢያሱ ተከታይ ነበሩ። ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ዘለቀ ወደ ትውልድ ሀገራቸው ወደ ጎጃም ተመለሱ። ከአካባቢው ሹማምንት ጋር ግን አልተስማሙም። ሊይዟቸው ከመጡ የመንግሥት ሰዎች ጋር ተዋግተው መገደላቸው ይተረካል። በላይ እና ወንድሙ እጅጉ ያን ጊዜ ልጆች ነበሩ። ከአባታቸው ሞት በኋላ ወደ እናታቸው ዘመዶች ተሻግረው አደጉ። መንግሥትን በመጀመሪያ ያወቁት በአባታቸው ደም ነው ማለት ይቻላል። ጎልምሰው ሲመለሱም ሹም አልደፈሩም፣ ደጅም አልጠኑም፤ በዓባይ በረሃ ሸፈቱ። በዚያ ዘመን ሽፍትነት ዘረፋ ብቻ አልነበረም። ፍትሕ ያጣ ሰው መንግሥት እስኪሰማው ድረስ ጫካ ገብቶ የሚቆይበት፣ ሀገር የሚያውቀው መንገድ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሽፍታ ቀለብ የሚቀበለው ከዚያው ከገበሬው ነውና ለአርሶ አደሩ ሸክም መሆኑ አልቀረም።

በ1928 ዓ.ም የጣሊያን ጦር ከሰሜን ወርዶ በግንቦት ወር ደብረ ማርቆስ ገባ። ጎጃም በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ አልታኮሰም። ራስ እምሩ ጦራቸውን ይዘው ወደ ምዕራብ አፈግፍገዋል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዋል፣ የቀሩት መኳንንት ከፊሎቹ ገብተዋል፣ ከፊሎቹም የሚሆነውን ቆመው ይመለከታሉ። አዲሱ ገዥ ጎጃምን መቀመጫውን ጎንደር ባደረገው የአማራ ገዥነት ሥር አድርጎ፣ በየአውራጃው ሬዚዴንት የሚባል ሹም አስቀመጠ። ዳኝነት የሚያየው፣ ሹም የሚሾመውና የሚሽረው፣ ሰው የሚያስረውና የሚፈታው ይህ በቋንቋው ከገበሬው ጋር የማይግባባ የውጭ ሰው ሆነ።

ቅኝ ገዥው ሁለት ነገር ፈለገ። የመጀመሪያው ጠመንጃውን መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው መሬቱ ነው። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን የያዘው ለክብር ብቻ አልነበረም፤ ሥራ አጥ ገበሬዎቹን ከባሕር ማዶ አምጥቶ ለማስፈርም ነበር። በጎንደር ወገራ ከሮማኛ ክፍለ ሀገር ለመጡ ሰፋሪዎች፣ በሐረርጌ ጨርጨር ደግሞ ከፑልያ ለመጡት የእርሻ ሰፈራ ተጀምሮ ነበር። በቢቸና ባለ ጤፍ መሬት፣ በሞጣ ደጋ፣ የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ገዳም ባለበት በእነብሴ የሚኖር ገበሬ የወገራን ዝርዝር ወሬ ባይሰማ እንኳ ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ጠመንጃውን ካስረከበ ርስቱን በምን ይጠብቃል? ርስቱ ከተወሰደስ ለማን ሊገብር ነው፣ በማን መሬት ላይ ሊቆም ነው?

ይህ ስሌት የጎጃም ብቻ አልነበረም። በደቡብ አፍሪካ ናታል የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር በየአዋቂ ወንዱ ራስ ላይ ግብር በመጣሉ፣ ባምባታ የተባለው የዙሉ አለቃ እ.ኤ.አ. በ1906 ሕዝቡን ይዞ ተነሥቷል። በሴራሊዮንም እ.ኤ.አ. በ1898 በጎጆ ላይ የተጣለው ግብር ባይ ቡሬህ የመሩትን ጦርነት አስነሥቷል። በእነዚህ ሁሉ ስፍራዎች ጥያቄው ስንት እንክፈል ከሚለው ተነሥቶ ማን ሊያስከፍለን ይችላል ወደሚለው አደገ። የግብር ብሶት ወደ ነጻነት ጥያቄ የሚለወጠው በዚህች ድልድይ ላይ ሲደርስ ነው። ጎጃም ወደዚያች ድልድይ የደረሰው በጠመንጃው በኩል ነበር።

የ1929 ዓ.ም የካቲት 12 ጭፍጨፋ በአዲስ አበባ ከተፈጸመ በኋላ፣ በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት በመቶዎች ተረሸኑ። ደብረ ሊባኖስ ከጎጃም የሚለየው በዓባይ ብቻ ነው። ወሬው ከሰላሌ ተነሥቶ ወንዙን ተሻግሮ በየደብሩ ሲደርስ፣ በጎጃም ውስጥም የመሣሪያ ፍተሻው፣ የታወቁ ሰዎች መታሠርና መገደል፣ የቤት መቃጠል ተደራርቦ ነበር። ክረምቱ ሲጋመስ፣ በነሐሴ ወር 1929 ዓ.ም ጎጃም ከዳር እስከ ዳር ተነሣ። በአገው ምድር በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በዳሞት ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በሌላው ወገን ልጅ ኃይሉ በለው፣ በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ የተጋድሎው መሪዎች ሆነው ወጡ።

ከእነዚህ መካከል በላይ የተለየ ሰው ነበር። ሌሎቹ የመሳፍንትና የመኳንንት ልጆች ናቸው፤ ሕዝቡ ሊከተላቸው የሚችለው ከነአባቶቻቸው ስለሚያውቃቸው ጭምር ነው። በላይ ግን የሚጠራው የዘር ግንድ አልነበረውም። ሹመት የሰጠው ንጉሥ አልነበረም፤ የጦር ትምህርት ቤት ደጅም አልረገጠም። የነበረው በሽፍትነት ዘመኑ ያጠናው በረሃ፣ ወንድሙ እጅጉና ዘመዶቹ፣ እንዲሁም ጠመንጃውን ላለማስረከብ የወሰነ የገበሬ ልጅ ሁሉ ነበር። የፈረስ ስሙ አባ ኮስትር ከቢቸና አልፎ በወሎ በኩል ቦረናና ሳይንት፣ በሸዋ በኩል ሰላሌ ድረስ ተሰማ። የጣሊያን ጦር በአውሮፕላን፣ በመድፍና በባንዳ ብዛት ሲመጣበት ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ሲመለስ ከኋላው ይመታል። ምሽግ ለምሽግ ተያይዞ መዋጋት የበላይ መንገድ አልነበረም። ስንቅና ጥይትም የሚገኘው በአብዛኛው ከጠላት ነበር።

በላይን በሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ የሚያስነሣው ሌላም ነገር አለ። ማዕረግ ሰጠ። ንጉሥ በሌለበት፣ መኳንንት በተበተኑበት ሀገር፣ ለተዋጉት የገበሬ ልጆች የፊታውራሪነት፣ የደጃዝማችነት፣ ከዚያም ከፍ ያለ ማዕረግ እየሰጠ ሠራዊቱን አደራጀ። ለራሱ ግን ማዕረግ አልወሰደም፤ እናቱ ባወጡለት ስም እንደጸና ይተረካል፤ ስሙ በራሱ ከሁሉ በላይ ማለት ነውና። ከዚያ ወዲህ በጉልበቱ የነገሠ ንጉሥ እንደሆነ የሚናገር ስም ወጣለት። ለመኳንንቱ ይህ ድፍረት ነበር። ለገበሬው ግን ክብር በደም ብቻ ሳይሆን በሥራም እንደሚገኝ በዓይኑ ያየበት ጊዜ ሆነ።

ነጻ በወጣው መሬት አርሶ አደሩ አርበኛውን መገበ። እህል፣ በግ፣ ጌሾና ማር ወደ ጫካ ወረደ፤ ሴቶች ስንቅ አዘጋጁ፣ ወሬ አቀበሉ፣ ቁስለኛ አስታመሙ። ይህም በአንድ መልኩ ግብር ነበር፤ ነገር ግን ገበሬው ለማን እና ለምን እንደሚሰጥ ያውቀዋል። ሸክሙ ቀላል ነበር ማለት አይደለም። አንድ መንደር ለአርበኛ ሲያበላ በጣሊያን ይቃጠላል፤ ለጣሊያን ሲገብር በአርበኛ ይቀጣል። በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ አዝመራውን ለሁለት ጌታ አካፍሎ፣ ቀሪውን በጉድጓድ ደብቆ ነው ያለፈው።

በ1932 ዓ.ም ጣሊያን በዓለም ጦርነት ከጀርመን ጎን ከተሰለፈች በኋላ እንግሊዝ ለአርበኞቹ ድጋፍ መስጠት ጀመረች። ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ ወር ከሱዳን ወደ ጎጃም ገቡ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በኡም ኢድላ በኩል የሀገራቸውን ምድር ረገጡ። ጣሊያኖች ጎጃምን ለማረጋጋት ቀድሞ ያስገቧቸውን ራስ ኃይሉን እንደገና ወደ ደብረ ማርቆስ አመጡ። እዚህ ላይ በበላይ ታሪክ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ክስተት አለ። ኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው በብዙ ሺህ የሚቆጠር የጣሊያን ጦር ከደብረ ማርቆስ ለቆ በሳፋርታክ በኩል ዓባይን ሲሻገር፣ መሻገሪያው በበላይ ሠራዊት እጅ ነበር። ጦሩ ግን ሳይመታ አለፈ። እንግሊዛውያን መኮንኖች ምክንያቱን ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ስለገቡለት ነው ብለው ጽፈዋል። ነገሩ እንዲያ ከሆነ፣ ከመኳንንቱ ውጭ በጉልበቱ የቆመው የገበሬ ልጅ በመጨረሻዋ ሰዓት የመኳንንቱ ቤት ዝምድና አማለለው ማለት ነው። ለጀግና የተጻፈ ታሪክ ይህን ቢዘልለው ጀግናውን አያከብረውም፤ ሰው መሆኑን ይደብቅበታል እንጂ።

ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በላይም የደጃዝማችነት ማዕረግ አግኝቶ የቢቸና ገዥ ሆነ። በጠቅላላው ጎጃም ላይ የተሾሙት ግን የተጋድሎ ጓዱ፣ የመሳፍንቱ ወገን ኃይሉ በለው ነበሩ፤ የራስነት ማዕረግም አገኙ። በአምስቱ ዓመት ከአንድ አውራጃ በላይ ሲያዝዝ የነበረ ሰው በአንድ አውራጃ ተወሰነ። ለበላይ ይህ ውለታን መርሳት ነበር። ለአዲሱ መንግሥት ደግሞ በራሱ ሠራዊት የሚተማመን፣ ማዕረግ ሲያድል የነበረ አለቃ አደጋ ሆኖ ታየ።

በዚሁ ጊዜ የግብር ጥያቄ ተመልሶ መጣ። በ1934 ዓ.ም በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬት ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ ተከፈለ፤ በጋሻ ለለሙ 15 ብር፣ ለለም ጠፉ 10 ብር፣ ለጠፉ 5 ብር እንዲከፈል ታዘዘ። በአዲስ አበባ ዓይን ይህ ግብርን አንድ ወጥ ማድረግ፣ የሹሞችን በደል መቀነስ ነበር። በጎጃም ገበሬ ዓይን ግን መሬት በጋሻ ለመተመን መጀመሪያ በቃላድ መለካት አለበት። በደቡብ ጠቅላይ ግዛቶች ቃላድ የወደቀበት ገበሬ ብዙ ጊዜ ከባለ መሬትነት ወደ ጭሰኝነት መውረዱ ተሰምቷል። ስለዚህ አዋጁ ከጣሊያን የተረፈውን ርስት በራስ መንግሥት እጅ የሚወስድ መሰለው። ጎጃም ውስጥ ቀያሽና ገማች የሚገባበት አጣ፤ በየአውራጃው ሁከት ተነሣ። በ1937 ዓ.ም አሥራት በገንዘብ እንዲተካ ሌላ አዋጅ ሲወጣ መንግሥት ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በቀድሞው ልማድ መሠረት እንዲገብሩ መተው ግድ ሆነበት።

የበላይ ጠብ በቀጥታ ከግብሩ የተነሣ አልነበረም፤ የሥልጣንና የክብር ጠብ ነበር። ነገር ግን ያው ምድር፣ ያው ዓመታት ናቸው። ማዕከላዊው መንግሥት ገበሬውን ለክልኝ፣ አለቃውን ደጅ ጥናኝ ሲል በጎጃም ሁለቱም በአንድ ጊዜ አይሆንም አሉ። በላይ ሲጠራ አልሄደም። በ1935 ዓ.ም ጦር ሲላክበት ሶማ በተባለው አምባ መሸገ። ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ ምሽግ የማይወድ የነበረው ሰው ከወገኑ ጦር ጋር ሲሆን በምሽግ ተዘጋ። ውጊያውና ሽምግልናው ተፈራርቀው በመጨረሻ በመንግሥት እጅ ገባ። አዲስ አበባ ተወስዶ ተከሰሰ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ቅጣቱን ወደ እስራት ለወጡለት።

በ1937 ዓ.ም ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር አመለጠ። ጉዞው ወደዚያው ወደ ለመደው ዓባይ ነበር። ሸለቆው ውስጥ ቢገባ ማንም እንደማያገኘው ያውቃል። ጎጃም ሳይደርስ ግን ተያዘ። ሁለተኛ ምሕረት አልተደረገለትም። ጥር 4 ቀን ሲሰቀል ዕድሜው ከአርባ ዓመት በታች ነበር።

ሞቱ ጥያቄውን አልዘጋውም። ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ገበሬው ምርቴ ሊገመት፣ መሬቴ ሊለካ ነው ብሎ እንደገና ተነሣ። እሳቱ የተቀጣጠለው በሞጣና በቢቸና፣ በዳሞትም ነው። መንግሥት ጦር ላከ፣ በአውሮፕላንም መንደር መታ። በመጨረሻ ግን የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የተወዘፈው ግብርም ተማረ። ያኔ ጠመንጃ ካነሡት መካከል በወጣትነታቸው የአርበኞችን ተጋድሎ በዓይናቸው ያዩ ነበሩ።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል፤ በአባቱ ሀገር በቢቸና ትምህርት ቤት፣ በአዲስ አበባ ደግሞ መንገድ ስሙን ይዘዋል። የሰቀለው አደባባይም የጠራው መንገድም በአንድ ከተማ ይገኛሉ። የርስት ሥሪት በ1967 ዓ.ም የመሬት አዋጅ ታሪክ ሆኗል፤ ገበሬው አሁን በእጁ የያዘው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ይሁንና አዝመራው ተሰብስቦ ግብር የሚከፈልበት ወቅት ሲመጣ፣ በቀበሌው ደጅ ደረሰኙን ተቀብሎ ከደብተሩ ጋር አጥፎ ወደ ቤቱ የሚመለሰው አርሶ አደር አባቶቹ ያውቁት የነበረውን ነገር ያውቃል። ግብር ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በመሬቱ ላይ ማን እንደሆነ የሚመሰክርለት ቃል ነው። በላይ ዘለቀና ዘመነኞቹ ከባዕድ ገዥ ጋር የተዋጉት ይህን ቃል ሌላ ሰው እንዳይጽፍላቸው ነበር። የራስ መንግሥትም ቃሉን ከገበሬው ጋር ተነጋግሮ ሊጽፈው እንደሚገባ ግን ጎጃም ለመንግሥቱ ለማስረዳት ገና ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።